በጎግል ካልተገኘ «ክፍት» አይባልም

የዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ሪፖዚተሪ (ጥናቶችና መመረቂያ ጽሑፎች ለማንም ክፍት ሆነው የሚቀመጡበት የኢንተርኔት ማከማቻ) ሲመረቅ ለእንግዳ የሚታየው የመነሻ ገጹ ነው። ዓርማው፣ የፍለጋ ሳጥኑ፣ በኮሌጅና በትምህርት ክፍል የተደረደረው ዝርዝር። አንባቢው ግን በዚያ በኩል አይመጣም። ስለ አፈር መሸርሸር የሚያጠና ተማሪ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ምን እንዳስቀመጠ በምን ያውቃል? ጥያቄውን ጎግል ወይም የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጎግል ስኮላር ላይ ይጽፋል፣ ከመጡለት ውጤቶች አንዱን ይጫናል፣ ፒዲኤፉ ይከፈትለታል። የመነሻ ገጹን ሳያይ ገብቶ ሳያይ ይወጣል። የማን ሪፖዚተሪ እንደሆነም ልብ ላይል ይችላል።

ሪፖዚተሪዎች ሲታሰቡ ነገሩ እንዲህ ይሆናል ተብሎ አልተገመተም። ዛሬ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት ዲስፔስ የተባለው የሪፖዚተሪ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2002 ከኤምአይቲ ቤተ መጻሕፍትና ከኤችፒ ሲወጣ ጎግል ስኮላር ገና አልነበረም፤ የተጀመረው በ2004 መጨረሻ ነው። በጊዜው የነበረው ዕቅድ ሪፖዚተሪዎች ሜታዳታቸውን (እንደ ርእስ፣ ደራሲና ዓመት ያለውን የሰነድ መግለጫ) ኦኤአይ-ፒኤምኤች በሚባል የመረጃ መለዋወጫ ፕሮቶኮል ያቀርባሉ፣ ሰብሳቢ አገልግሎቶች ከየቦታው ወስደው ያከማቻሉ፣ አንባቢም እዚያ ሄዶ ይፈልጋል የሚል ነበር። ዕቅዱ አልከሸፈም። የቢለፌልድ ዩኒቨርሲቲው ቤዝና የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ኮር አሁንም በዚሁ መንገድ ይሰበስባሉ፤ ጥሩ አገልግሎቶችም ናቸው። ተራው አንባቢ ግን ስማቸውን እንኳ አያውቅም። ጎግል ደግሞ ለዚህ ፕሮቶኮል ይሰጠው የነበረውን ድጋፍ በ2008 አቋርጧል።

እንዲህም ሆኖ ብዙ ቤተ መጻሕፍት «ሜታዳታችን ደረጃውን የጠበቀ ነው» ብለው ተረጋግተው ይቀመጣሉ። የትኛውን ደረጃ? ብዙ ጊዜ መልሱ ደብሊን ኮር ነው፤ በ1995 በኦሃዮ የተጠነሰሰ፣ 15 መሠረታዊ መስኮች ያሉት አሠራር። ለአጠቃላይ መግለጫ ይበቃል። የመጽሔቱን ስም፣ ቅጹን፣ ቁጥሩንና የገጽ ቁጥሩን ለይቶ ለማስቀመጥ ግን አልተሠራም። ጎግል ስኮላር ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ደብሊን ኮርን ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ተጠቀሙበት ይላል። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ሪፖዚተሪ ሰነዶች በስኮላር ውስጥ ለምን እንደማይገኙ የመረመሩት አርሊች እና ኦብራየን በ2012 ባሳተሙት ጥናትም ዋናው ምክንያት ይኸው የሜታዳታ ጉዳይ ሆኖ ነው ያገኙት።

አሁን ያሉት የዲስፔስ ቅጂዎች ስኮላር የሚፈልጋቸውን መለያዎች ራሳቸው ያወጣሉ። የመረጃ ማስገቢያ ቅጹን የሚሞላው ግን ሰው ነው። በ1998 የተጻፈ መመረቂያ ጽሑፍ የታተመበት ዓመት ሳይሞላ ቀርቶ በሲስተሙ ላይ የተጫነበት ዓመት ከተወሰደ፣ ሥራው የዛሬ ሆኖ ይቀርባል። አንባቢ በዓመት ለይቶ ሲፈልግም አያገኘውም።

ፋይሉን ራሱን ከፍተን እንየው። የመመረቂያ ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው፤ ከሥሩ የኮሌጁ፣ ከዚያ የትምህርት ክፍሉ፣ ርእሱ መሐል ላይ አነስ ብሎ። ስኮላር ሜታዳታ ካላገኘ ርእስ ብሎ የሚጠብቀው በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በትልቁ የተጻፈውን ነው፤ ደራሲውንም ከርእሱ ሥር ይፈልጋል። በዚህ አሠራር «ርእሱ» የዩኒቨርሲቲው ስም፣ «ደራሲው» የትምህርት ክፍሉ ሆኖ ቢመዘገብ ማን ይወቀሳል? ጎግል ላይ ውጤት ስንቃኝ «ማይክሮሶፍት ወርድ» ብሎ የሚጀምር፣ ቀጥሎ የፋይሉን ስም የሚያስከትል ርእስ የምናየውም በፒዲኤፉ የውስጥ መረጃ ላይ ርእሱን ያስተካከለ ሰው ስለሌለ ነው። ሁለት ዓመት የተለፋበት ሥራ «የመጨረሻ የታረመ 3» ተብሎ ለዓለም ይቀርባል።

ስካን ተደርገው ስለገቡት ጽሑፎች ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኦሲአር (የገጽን ምስል ወደሚፈለግ ጽሑፍ መለወጥ) ያልተሠራለት ስካን ለፍለጋ ሞተር ፎቶ ነው። ስኮላር ደግሞ ከአምስት ሜጋባይት የበለጠ ፋይል አትጫኑ ይላል፤ በቀለም ስካን የተደረገ 200 ገጽ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ከዩኒኮድ (ከጋራው የፊደላት ኮድ ደረጃ) በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈውም እንዲሁ ነው፤ ለዓይን ፊደል ይመስላል፣ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ግን ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። የፍለጋ ሞተሩ የሚያነበው ያንን ምልክት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽሑፍ የሚሰበስቡ ቦቶች (ድረ ገጾችን በራሳቸው የሚያስሱ ፕሮግራሞች) ሰርቨሮችን እያጨናነቁ ነው፤ የአይቲ ክፍሎችም በድንጋጤ ሁሉንም ቦት ይዘጋሉ ወይም ገጹ ከመከፈቱ በፊት «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» የሚል መፈተሻ ያስቀምጣሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ይሁንና በዚያው እርምጃ የጎግልም ቦት ውጭ ይቀራል፤ ከወራት በኋላ የአንባቢ ቁጥር ሲያሽቆለቁል ምክንያቱን የሚያስታውስ አይገኝም።

«ቤተ መጻሕፍት ለምን ለአንድ የግል ኩባንያ ፍላጎት ይገዛል?» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ጎግል ውጤቶቹን በምን እንደሚያስቀድም በዝርዝር አይናገርም፤ ስኮላርም ነገ ቢዘጋ የሚጠየቅ የለም። ግን እስካሁን የዘረዘርኳቸው ሥራዎች ለጎግል ብቻ አይጠቅሙም። ትክክለኛ ዓመት፣ የሚነበብ ጽሑፍና የማይሰበር ሊንክ ለሰብሳቢዎቹ ለቤዝም ለኮርም፣ ነገ ለሚመጣውም ያገለግላሉ። ዓይነ ስውር አንባቢ በድምፅ ማንበቢያ የሚጠቀመውም ያንኑ ኦሲአር የተሠራለትን ፋይል ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቆጠራው ነው። ብዙ ተቋማት ጎብኚን የሚቆጥሩት ድረ ገጹ ላይ በተቀመጠ ጃቫስክሪፕት (ገጹ ሲከፈት በሚሠራ ኮድ) ነው። ከጎግል በቀጥታ ፒዲኤፉን የሚከፍት አንባቢ ያ ጃቫስክሪፕት ያለበትን ገጽ ስለማይነካ አይቆጠርም። በብዛት የሚመጣው አንባቢ በሪፖርቱ ላይ የለም ማለት ነው። ኃላፊዎች ያንን ሪፖርት ይዘው «ማንም አይጠቀምበትም» ብለው በጀት ሊቀንሱ ይችላሉ፤ አለዚያም የሚታያቸውን ብቸኛ ገጽ ለማሳመር ሌላ ጨረታ ያወጣሉ። በዚያ ገንዘብ ከየትምህርት ክፍሉ ጥቂት ርእሶችን በየጊዜው ጎግል ላይ እየጻፈ ሥራዎቹ መገኘታቸውን የሚያጣራ፣ ያልተገኘውንም ለምን እንደሆነ የሚመረምር አንድ ባለሙያ ቢቀጠር ይሻላል። ሰነድ የሚጭን ሠራተኛ በየቦታው አለ፤ ይህን የሚያጣራ ግን በብዙዎቹ ዘንድ የሥራ መደብ እንኳ የለውም።