በመጠይቅ ብቻ ሆቴል አይጠናም

ሰሞኑን አንድ የሆቴልና ቱሪዝም ማኔጅመንት የድኅረ ምረቃ ክፍል ለተማሪዎቹ ያወጣው ማስታወቂያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ክፍሉን በስም አልጠራም። አስተሳሰቡ የአንድ ክፍል ብቻ ቢሆን ኖሮማ ዝም እል ነበር። ማስታወቂያው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ከእንግዲህ የመመረቂያ ጥናት ሁሉ ለደንበኞች በሚበተን መጠይቅ ላይ ይመሠረታል። ሥራ ቦታ ተገኝቶ መታዘብ፣ ሠራተኛን ማነጋገር፣ አንድን ሆቴል ነጥሎ በጥልቀት ማየት ለማጀቢያ ካልሆነ በቀር አይቆጠርም። ምክንያቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተቀምጧል። «ቁጥር አይዋሽም።»

አይዋሽም? ይህን የጻፈው ሰው ምግብ ቤት ውስጥ የተሠራ ጥናት አንብቦ አያውቅም ማለት ነው።

ብራያን ዋንሲንክ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ነበር። ሰው ምን፣ ለምን፣ ምን ያህል ይበላል የሚለውን ያጠናል። ከአንድ የቡፌ ምግብ ቤት የተሰበሰበ መረጃ ነበረው። ጥናቱ ያሰበውን ውጤት አላሳየም። መረጃው ግን አልተጣለም። ተገላብጦ፣ ተከፋፍሎ፣ ተመንዝሮ አራት ጽሑፍ ወጣው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች የአራቱን ጽሑፎች ቁጥር ሲፈትሹ ወደ 150 የሚጠጋ እርስ በርሱ የማይገጥም ነገር አገኙ። በ2018 ዩኒቨርሲቲው ራሱ የምርምር ጥፋት መፈጸሙን አስታወቀ። ያኔውኑ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔቶች ስድስት ሌሎች ጽሑፎቹን ሰረዙ። ሰውዬው እኮ ቁጥር አላነሰውም ነበር። ቁጥር ሞልቶት ነው የወደቀው።

የቁጥር ጠላት አይደለሁም። ጠቤ ከመጠይቁ ጋር ነው፤ በተለይ በዚህ ሙያ ውስጥ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ከሚደገመው መጠይቅ ጋር። ሴርቭኳል ይባላል፤ የአገልግሎት ጥራት መለኪያ ነው። ፓራሱራማን፣ ዛይታምልና ቤሪ የተባሉ ሦስት ምሁራን በ1985 ሐሳቡን፣ በ1988 መለኪያውን አወጡት። 22 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ በአምስት ርዕስ ሥር የተደለደሉ። ተማሪው የሆቴሉን ስም ይቀይራል፣ ያባዛል፣ ሪሴፕሽን ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ የተሞላውን ሰብስቦ ኮምፒውተር ውስጥ ይከታል። አለቀ።

ይህ መለኪያ የተወለደው የት ነው? ባንክ፣ ክሬዲት ካርድ፣ የዕቃ ጥገናና የረጅም ርቀት ስልክ ድርጅቶች ውስጥ ነው። ሆቴል አልነበረበትም። የስልክ ደንበኛ ስልክ ድርጅቱ ውስጥ አያድርም። ልብሱን አያወልቅም፣ ገላውን አይታጠብም፣ ሌሊት በጎረቤት ክፍል ጫጫታ ከእንቅልፉ አይባንንም። የሆቴል እንግዳ ይህ ሁሉ ይገጥመዋል። በኋላ ለማረፊያ ቤቶች ሎጅሰርቭ፣ ለምግብ ቤቶች ዳይንሰርቭ የሚባሉ ልጆች ተወልደውለታል፤ ጠባያቸው ግን ያው የአባታቸው ነው። ከአንድ እስከ አምስት ወይም እስከ ሰባት አክብብ።

ውጤቱንም ሳናነብ እናውቀዋለን። እንግዶች በአማካይ ረክተዋል። ፈጣን ምላሽ ከእርካታ ጋር ጉልህ ግንኙነት አለው። ማኔጅመንቱ ለሠራተኞች ሥልጠና ይስጥ። እኔ ያነበብኳቸው እንዲህ ያሉ ጥናቶች ሽፋናቸው ቢቀያየር ባለቤቶቻቸው እንኳ የሚለዩዋቸው አይመስለኝም። ሥልጠና ይስጥ የሚለው ምክር ያልተጻፈበት የመጨረሻ ምዕራፍ ያየ ሰው ካለ ያሳየኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ሰው በወረቀት የሚለውና በእግሩ ቆሞ የሚያደርገው አንድ አይደለም። ይህን ደግሞ የነገረን የሆቴሉ ዓለም ራሱ ነው፤ ያውም ከዘጠና ዓመት በፊት።

ሪቻርድ ላፒየር አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ነው። ከ1930 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ከአንድ ወጣት ቻይናዊና ከሚስቱ ጋር በመኪና አሜሪካን ሲያካልል ነበር። ዘመኑ ቻይናውያን በሕግ ጭምር የተገፉበት ነው፤ ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ የሚከለክለው ሕግ የተሻረው በ1943 ነው። ላፒየር ሆቴል ሲደርሱ ሆን ብሎ ከመኪናው ወይም ከሻንጣው ጋር ይዘገያል። ባልየው ፊት ለፊት ቀርቦ ክፍል ይጠይቃል። ላፒየር ደግሞ የሆነውን ሁሉ ይመዘግባል። 67 ማረፊያዎችና 184 ምግብ ቤቶች፣ በድምሩ 251 ቦታ። እምቢ የተባሉት ስንት ጊዜ ነው? አንድ።

ከስድስት ወር በኋላ ላፒየር ለእነዚያው ቤቶች መጠይቅ ላከ። ጥያቄው ግልጽ ነው፦ ቻይናውያንን በእንግድነት ትቀበላላችሁ? 128 መለሱ። ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት «አንቀበልም» አሉ። አስተናግደው፣ አብልተው፣ አስተኝተው፣ ገንዘብ ተቀብለው የሸኙ ቤቶች ናቸው እኮ! ላፒየር ማስታወሻ ሳይዝ መጠይቁን ብቻ በትኖ ቢሆን ኖሮ ምን ብሎ ይጽፍ ነበር? ከመቶ ዘጠናው በሩን ዘግቷል ብሎ ነዋ። ጠረጴዛው ያምር ነበር። ስህተት ነበር።

አንዳንዶች ጥናቱን ይነቅፋሉ። ደብዳቤውን የመለሰው ባለቤቱ፣ ክፍሉን የሰጠው ደግሞ ሌላ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ባልና ሚስቱ ደህና የለበሱ፣ ፈገግታ የማይለያቸው ሰዎች ነበሩ ይላሉ። ይሁንላቸው። ታዲያ ይህ የእኔን ነገር አያጠናክርም? እንግዳ መቀበል የሚሆነው ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። በሪሴፕሽኑ ባንኮኒ በኩል ነው፤ ሰውዬው ከፊትህ ቆሞ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ ዓይን ዓይንህን እያየ። እዚያ የሚሆነውን ለማወቅ እዚያ መገኘት ነው።

የዛሬው መጠይቅ ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል። ያኔ በወረቀት ክፉ፣ በተግባር ደግ ነበሩ። ዛሬ እንግዳው በወረቀት ደግ ነው። መጠይቁ የሚሰጠው ሒሳብ ሲዘጋ ነው። መኪና ውጭ ይጠብቀዋል፣ አውሮፕላኑ አይጠብቀውም። ያስተናገደችው ልጅ ፊት ለፊቱ ቆማለች፤ ወረቀቱንም የምትቀበለው እሷው ናት። በዚህ መሃል ማን «በጣም አልስማማም» ላይ ያከብባል? ከአንገት በላይ አራት አራቱን ያከብብና ይሄዳል። ማታ ቤቱ ገብቶ ነው እውነቱን ኢንተርኔት ላይ የሚያፈሰው። ወይም ምንም ሳይል ሁለተኛ አይመጣም። ያ አለመምጣት በየትኛው ከአንድ እስከ አምስት ይለካል?

ሰው ያደረገውን ለማጥናት የፈለጉ ግን መንገድ አላጡም። ማይክል ሉካ የተባለ የሃርቫርድ ምሁር በ2011 ባወጣው ጥናት ደንበኞች ዬልፕ በተባለው የአስተያየት ድረ ገጽ ላይ የሚሰጧቸውን ኮከቦች ከምግብ ቤቶች ገቢ ጋር አስተያየ። ገቢውን ባለቤቶቹን ጠይቆ አላገኘውም፤ የዋሽንግተን ግዛት ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት መዝገብ ነው። የአንድ ኮከብ ጭማሪ ገቢን ከመቶ ከ5 እስከ 9 ያሳድጋል። ያውም በግል ምግብ ቤቶች እንጂ በሰንሰለቶቹ ላይ አይደለም። «በኮከብ ታምናለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የለም።

የፎጣው ነገር ደግሞ አለ። ጎልድስታይን፣ ቻልዲኒና ግሪስኬቪሺየስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 ያሳተሙት ነው። መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ፎጣውን ደግመው እንዲጠቀሙ የሚጠይቅ ካርድ ያስቀምጣሉ። አንዱ ካርድ ስለ አካባቢ ጥበቃ ያወራል፤ ከመቶ 35 ገደማ ፎጣቸውን ደገሙ። ሌላው አብዛኛው እንግዳ ፎጣውን ይደግማል ይላል፤ ይህኛው 44 አደረሰው። ፎጣውን የመዘገቡት ማን ይመስሏችኋል? ክፍል የሚያጸዱት ሠራተኞች ናቸው። እንግዳውን አካባቢ ትወዳለህ ወይ ብትሉት ሁሉም እወዳለሁ ይላል፣ ምን ቸገረው። በ2014 ጀርመን ውስጥ ሲደገም ግን ያው ውጤት አልመጣም። ጥሩ! ፎጣ ሌላ ሰውም ሊቆጥረው ይችላል። ከአንገት በላይ የተከበበ አራት ቁጥርን ግን ደግመህ ብትበትነውም ያው አራት ሆኖ ነው የሚመጣልህ።

ስለ ሠራተኞቹ ካነሳሁ አይቀር፣ ማስታወቂያው ከሁሉም በላይ ያናደደኝ እዚህ ላይ ነው። መጠይቁ «ለደንበኞች» ይበተናል። ሠራተኛው የለም። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ዊልያም ፉት ዋይት በ1940ዎቹ የቺካጎ ምግብ ቤቶችን ሲያጠና ረዳቶቹን ሥራው ውስጥ አስገብቶ ነበር። አስተናጋጆች ለምን ያለቅሳሉ የሚል ጥያቄም አንስቷል። ያገኘውም እንዲህ ነው። አስተናጋጇ ወደ ወጥ ቤት ገብታ «ቶሎ በሉ» ስትል፣ ከእሷ በላይ ነኝ ብሎ የሚያስበው ምግብ አብሳይ ትእዛዝ የተሰጠው ይመስለዋል። ይዘገይባታል፣ ይጮህባታል። ውጭ ደግሞ ደንበኛው ይጮህባታል። አንዳንድ ቤቶች መካከል ላይ የትእዛዝ ወረቀት የሚሰካበት ቀላል ነገር አቆሙ። እሷ ትሰካለች፣ እሱ በተራው ያነሳል። መነታረኩ ቀነሰ። ይህን ከደንበኛ መጠይቅ አምጡልኝ እስቲ! ደንበኛው የሚያውቀው ምግቡ መዘግየቱን ብቻ ነው። ጥናታችንም ያንኑ ይዞ «ፈጣን ምላሽ ጉልህ ነው» ብሎ ይዘጋል። ሥልጠና ይስጥ።

የሶሲዮሎጂ ምሁሯ አርሊ ሆክሺልድም በ1983 የበረራ አስተናጋጆችን ድካም የነገረችን ሥልጠናቸው ላይ ተቀምጣ፣ አነጋግራ ነው። ፈገግታ ራሱ የሥራው አካል እንደሆነ፣ ሠራተኛው ስሜቱን ጭምር ለደመወዝ እንደሚያቀርብ ከእሷ በኋላ ነው በወጉ መወራት የጀመረው። በማስታወቂያው ደንብ ብትዳኝ ኖሮ ማጀቢያ ተብላ ትመለስ ነበር።

ለመጠይቅ አንድ ነገር ልተውለት። ሰው ወዴት ለመሄድ እንዳሰበ፣ ለምን ጉዞውን እንደሰረዘ ማወቅ ከፈለግህ ጠይቀው፤ ሌላ መንገድ የለህም። ከዚያ ያለፈውን ሥራ ግን አይችለውም።

«ሆቴሎች መረጃቸውን አይሰጡም፣ ለዚህ ነው መጠይቅ የምንበትነው» የሚለውን መከራከሪያም ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ አይሰጡም። የተሰረዘ ቦታ ማስያዝ፣ የአቤቱታ መዝገብ፣ በዓመት ስንት ሠራተኛ እንደለቀቀ፣ ከቡፌ ስንት ኪሎ እንደተደፋ ሁሉም ካዝና ውስጥ ነው። ግን እስቲ በሥራ አስኪያጁ ወንበር እንቀመጥ። በየዓመቱ ተማሪ ይመጣል፣ ወረቀት ይበትናል፣ እንግዳ ያሰለቻል፣ ከዚያ አልፎ አልፎ አንድ ጥራዝ ይመጣለታል። እንግዶችዎ በአማካይ ረክተዋል ይለዋል። ሠራተኞችዎን ያሠልጥኑ ይለዋል። ለዚህ ብሎ መዝገቡን የሚከፍት ሰው ካለ የዋህ ነው። ክፍሉ ተማሪውን ለአንድ ወር ሃውስኪፒንግ ውስጥ ጋሪ እንዲገፋ ይላከው፤ ሥራ አስኪያጁ ስለ ራሱ ቤት የማያውቀውን አንድ ነገር ይዞለት ይምጣ። ያኔ መዝገቡን ለመጠየቅ አፍ ይኖረናል።