ጣት አይነካውም

እናቴ ለጎረቤታችን «ልጄ ሸክላ ይሰበስባል» ብላ በነገረቻቸው በሦስተኛው ቀን፣ እኚያ ደግ ሴት ጠርዙ የተሸረፈ ምጣድና አንገቱ የተሰበረ ጀበና በፌስታል አንጠልጥለው በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ይኸው የኔ ልጅ፣ ከምጥለው ለሚሰበስበው ልስጠው ብዬ ነው» አሉኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው፤ ባለቤቴም ቡና አፍልታ፣ መርቀው ሄዱ። ጀበናው እንዳይታዘቡኝ ስል እስከ ዛሬ ድረስ መደርደሪያዬ ላይ ከሙሉቀን መለሰ አጠገብ ተቀምጧል።

በእርግጥ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። አማርኛችን ለጀበናውም፣ ለጡቡም፣ ዘፈን ለታተመበት ክብ ሳህንም አንድ ስም ሰጥቶ ሲያበቃ ሰው ቢደናገር አይፈረድበትም። የድሮዎቹ ሸክላዎች ደግሞ ከእጅ ካመለጡ እንደ ጀበናው ፍርክስ የሚሉ ስለነበሩ ስሙ ያንሳቸዋል እንጂ አይበዛባቸውም። በኋላ የመጣው ቪኒል የሚባለው ፕላስቲክ ግን በቀላሉ አይሰበርም፤ ይጣመማል፣ ይጫራል፣ ባለቤቱን ያደኸያል።

ይህንን ሥራ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይሉታል። ባለቤቴ ስያሜውን በሰማች ቁጥር ትርፍ ጊዜ፣ ትርፍ ገንዘብና ትርፍ ክፍል የሌለው ሰው የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ከየት እንዳመጣ ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ሳሎናችን ውስጥ የሠርጋችን ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ቡፌ ነበር፤ ዛሬ ብርጭቆዎቹ አልጋ ሥር በካርቶን ገብተው በቦታቸው ሸክላዎቼ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንዱ በሌላው ላይ ከተጫነ የታችኛው ይጎዳልና መቆም አለባቸው። እንግዳ ሲበዛ መቀመጫ አጥቶ የሚቆም ሰው መኖሩ ግን እስካሁን አሳስቦኝ አያውቅም።

የቤታችን ዋነኛ ሕግ ጣትን የሚመለከት ነው። ሸክላ የሚያዘው ጠርዙ በሁለት መዳፍ መካከል ሆኖ ነው፤ ጣት ቢያርፍ መሀሉ ላይ ባለችው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የጣት ወዝ ወደ መስመሩ ይገባል፣ ወዝ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው መርፌውን ያንገጫግጨዋል። እኔ ራሴ ከሽፋኑ ሳወጣው ጽዋ እንደያዘ ዲያቆን ትንፋሼን እቆጣጠራለሁ። ይህንን ለእንግዳ ሁሉ ገና ጫማውን ሳይጠርግ አስረዳዋለሁ፤ ልጄም አፉን የፈታው «እማዬ» ብሎ ቢሆንም የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ «ጣት አይነካውም» የሚል ነበር።

እንግዳው ተቀምጦ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ «እስቲ አንድ ዘፈን አሰማን» ሲባል እንደ ተራ ሰው ተነስቼ የማሰማ ከመሰላችሁ ሰብሳቢ አታውቁም። መጀመሪያ ፈተና አለ። አንድ ሸክላ ወደ መብራቱ ከፍ አደርግና «በዚህ ገጽ ላይ ስንት መስመር ያለ ይመስላችኋል?» እላለሁ። አንዱ ሁለት መቶ ይላል፣ ሌላው ሺህ ያደርሰዋል። «አንድ!» እላለሁ በድል አድራጊነት፤ ከጠርዙ ተነስቶ እየተጠማዘዘ መሀል የሚደርስ አንድ መስመር ብቻ ነው። እንግዶቹ ለጨዋነት ያህል ይደነቃሉ። ከዚያ ታሪክ ይቀጥላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት ከነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እነሳለሁ፤ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው የሙዚቃ ቤት ባለቤት አምሃ እሸቴ «የመጣው ይምጣ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን እንዴት ውጭ አገር አሳትሞ እንዳስገባ እተርካለሁ። የሸክላችን ታሪክ ከእሸቴ ተነስቶ በእሸቴ በኩል ወደ እሸቴ የሚደርስ ስለሆነ እዚህ ላይ አድማጮቼ ግራ ይጋባሉ፤ «ወንድማማቾች ናቸው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ እሱን ለማስተባበል አሥር ደቂቃ ይሄዳል። ቀጥዬ አምሃ እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ባሉት ስድስት ዓመታት ብቻ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላዎችን ማውጣቱን፣ ደርግ መጥቶ በሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ምሽት መዝጋቱን፣ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊቀዳው የሚችለው ካሴት ሸክላን ከገበያ ማስወጣቱን ስናገር ፈንዲሻው አልቆ፣ ሦስተኛው ቡና ተጠጥቶ፣ እንግዳው ታክሲ እንዳያመልጠው ኮቱን ያነሳል። ዘፈኑን ሳይሰማ ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ ቤቴ መጥተው ታሪክ ጠጥተው የሄዱ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ሸክላ መግዛቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። የሸክላ ሻጭ ቋንቋ ከቤት ደላላ ቋንቋ ጋር ወንድምና እኅት ነው፤ ደላላ «ትንሽ እድሳት ብቻ ነው የምትፈልገው» ሲል ጣሪያ የላትም ማለቱ እንደሆነ ሁሉ፣ ሻጭም «ጭረት ቢጤ ነገር አላት» ሲል በላይዋ ላይ ዶሮ ተከትፎባታል ማለቱ ነው። ፈረንጆቹ በኢንተርኔት ሲሻሻጡ የሚጠቀሙበት የደረጃ አሰጣጥማ ከዚህም የባሰ ነው። በእነሱ አጠራር «ጥሩ» የተባለ ሸክላ ሲያጫውቱት የሚንጫጫ፣ ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው የሚገዛው ነው። «በጣም ጥሩ» ራሱ ከላይ ሲቆጠር መሀል አካባቢ ነው የሚገኘው። ይህንን ሳላውቅ «ጥሩ» በሚለው ተማምኜ የገዛሁት የመጀመሪያ ሸክላዬ ዘፋኙን በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲዘንብ የሚያዘፍነው ነው።

ከሱቅ ይልቅ ሰው ቤት ይሻላል። የድሮ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ፣ ዳንቴል ከለበሰው ቴሌቪዥን ሥር፣ ከአሮጌ የትምህርት ሰርተፊኬትና ከሠርግ አልበም ጋር ተደባልቀው ይገኛሉ። አንድ ጊዜ ገጠር የሚኖሩ ዘመዳችን ቤት ትልቁን ሸክላ ለጠላ ጋን መክደኛነት ሲያገለግል አግኝቼው ልቤ ሊቆም ነበር፤ ሴትዮዋ ግን «መሀሉ ቀዳዳ ስላለው ጠላው ይተነፍስበታል» ብለው በሚገባ አስረዱኝ። ከዚህ የሚያሳፍረውን ደግሞ ልናዘዝ። ለቅሶ ቤት ገብቼ ዓይኔ ከሟች ፎቶግራፍ ቀድሞ ወደ ቡፌው ሥር መሄድ ጀምሯል። በአንድ ሠልስት ላይ የሟችን ልጅ ጠጋ ብዬ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ካልኩት በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አባባ ዘፈን ይወዱ ነበር?» አልኩት። ልጁ «እጅግ ይወዱ ነበር» ብሎ እንባው ሲወርድ፣ ከጎኔ የነበረችው ባለቤቴ በነጠላዋ ሥር ጎኔን የቆነጠጠችኝ ቁንጥጫ እስከ አርባቸው ምልክቱ አልጠፋም።

ከእሷ የምደብቀው ዋጋውን ነው። ያ ዘመን ያፈራቸው አንዳንድ ኦሪጅናል ሸክላዎች በውጭ ገበያ በብዙ መቶ ዶላር የሚሸጡ ናቸውና እውነቱን ቤት ይዞ መግባት አይቻልም። የዕቁብ ዕጣዬ በወጣ ሰሞን አንዱን ገዝቼ ስገባ «ስንት ገዛኸው?» ብትለኝ «ሁለት መቶ ብር» አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ አማቴ ሊጠይቁን መጡና ሸክላውን አይተው ወጣትነታቸው ትዝ አላቸው። ልጃቸውም ደስ ብሏት «ሁለት መቶ ብር ብቻ እኮ ነው አባዬ» አለቻቸው። እሳቸውም ካፖርታቸውን ከፍተው፣ አራት መቶ ብር ቆጥረው፣ «እንዲህ ከረከሰስ ሁለት አምጣልኝ፣ አንዱን ለወንድሜ እሰጠዋለሁ» ብለው በመዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አማት ናቸው፤ እምቢ አይባልም። ውሸታም ነኝ ማለትም አይቻልም። የዚያን ዓመት ሁለተኛ ዕቁቤን በአማቴ ሳሎን ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ማጫወቻ ስለሌላቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

ኦሪጅናሉ ከአቅም በላይ ሲሆን እንደገና የታተመውን መፈለግ ይመጣል። እዚህ ላይ ፈረንጅን ማመስገን ግድ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርእስ የእነ ሙላቱ አስታጥቄን፣ የእነ ማሕሙድ አሕመድን ሥራ በሲዲ በተከታታይ ባያሳትም ኖሮ፣ እኔም ሆንኩ ቢጤዎቼ አባቶቻችን ምን ሲሰሙ እንደነበር ያወቅነው ዘግይተን ነበር፤ ያን ጊዜማ ጋን መክደኛ ነበር። ነገር ግን የጉዞውን ርዝመት ተመልከቱልኝ። አዲስ አበባ የተዘፈነ ዘፈን ውጭ አገር ታትሞ አዲስ አበባ ተሸጠ፤ ከዓመታት በኋላ ፈረንጅ ገዝቶ ወሰደው፤ አውሮፓ ውስጥ እንደገና ታተመ፤ ዋሽንግተን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በኢንተርኔት አዘዘው፤ እሱም በሻንጣው ይዞት አዲስ አበባ መጣ። እኔ ከፒያሳ ሃያ ደቂቃ ርቄ የምኖረው ሰው ፒያሳ የተሸጠውን ዘፈን ለማግኘት ውቅያኖስ ሁለት ጊዜ ማስቸገር ነበረብኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሃያ ሦስት ኪሎውን ሲያመቻች ሸክላውን ከታች አድርጎ የእናቱን ብረት ድስት ከላይ ስለጫነበት፣ እኔ ዘንድ የደረሰው እንደ ሰፌድ ጎድጉዶ ነው። መርፌው በላዩ ላይ እንደ ጣና ታንኳ ይወጣል ይወርዳል፤ ዘፋኙም ቃሉን ትቶ እስክስታውን የሚዘፍን ይመስላል። «ኦሪጅናል ሳውንድ ነው» አለኝ የአክስቴ ልጅ፣ በአድናቆት ራሱን እየነቀነቀ።

ስለ ድምፁ ካነሳን አይቀር፣ ሰብሳቢ ሁሉ የሸክላ ድምፅ «ሞቅ ያለ» ነው ይላል። እኔም እላለሁ። መርፌው እንዳረፈ የሚሰማው ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ልብን እንደሚያባባ ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ አንድ ቀን ይህንኑ ዓይኔን ጨፍኜ ሳጣጥም ባለቤቴ ከጓዳ «ቡናው እያረረ ነው፣ አትሸትህም?» ብላ እየሮጠች መጣች። ቡና የሚቆላ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ግን ውድ ውድ ሸክላዎቼን የማዳምጣቸው በስልኬ ነው። መርፌ ባለፈ ቁጥር ሸክላ ይበላል፤ የተበላ ሸክላ ደረጃው ይወርዳል። ስለዚህ ሸክላውን አውጥቼ ሽፋኑን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ፣ ዘፈኑን ከዩቲዩብ እከፍታለሁ፣ ሽፋኑን እያየሁ አደምጣለሁ። ይህንን እስካሁን ለማንም አልነገርኩም።

ባለፈው የገና ሰሞን አጎቴ መጣ። እሱ እንኳን ሸክላ ሊሰበስብ ማጫወቻም ኖሮት አያውቅም፤ በወጣትነቱ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ፣ በር ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ በነጻ ሲሰማ ነው ያደገው። ፈተናውን ልጀምር ስል «አንተ ልጅ፣ መስመሩን ተወውና ዘፈኑን አምጣው» አለኝ። ታላቅ ነውና እምቢ አይባልም። ትንሿን ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላ አወጣሁ። የእሷ መሀል ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ማቻቻያ ይፈልጋል፤ የእኔ ስለጠፋብኝ የሃይላንድ ክዳን በስቼ፣ በዙሪያው ፕላስተር ጠምጥሜ የሠራሁትን ገጠምኩ። በደቂቃ 45 ዙር እንድትዞር አስተካክዬ መርፌውን አሳረፍኩ። ሳክስፎኑ ገባ። አጎቴ ፈንዲሻ የዘገነበትን እጁን አየር ላይ እንዳደረገ ቀረ።

ዘፋኙ ሁለተኛውን ቤት ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ።

አምፕሊፋየሩ ወዲያው ጸጥ አለ። ሸክላው ግን በያዘው ኃይል ጥቂት ይዞር ነበርና፣ በጨለማው ውስጥ ከመርፌው ራሱ ትንኝ የምታክል ድምፅ ትሰማ ነበር፤ እየደከመች፣ እየወፈረች፣ እየተጎተተች ሄዳ ቆመች። ሁላችንም አንገታችንን ወደ ማጫወቻው አስግገን ነበር። «አለ እኮ» አለ አጎቴ በሹክሹክታ። የስልኬን መብራት ሳበራ ተነስቶ ማጫወቻው ላይ አጎንብሷል፤ ቅቤ የነካውን የሌባ ጣቱን፣ በወረቀቱ ላይ እንኳ ሳይሆን በጥቁሩ ላይ፣ በመስመሩ ላይ አሳርፎ ሸክላውን ያዞር ጀመር። ትንኟ ተመለሰች። ልጄ አፉን ሊከፍት ሲል እጄን አፉ ላይ አደረግሁ።

አጎቴ እያዞረ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ግጥሙን ሁሉ ያውቀዋል። ክንዱ ሲደክመው ዘፋኙ ይጎተታል፣ ሲበረታ እንደ ሕፃን ይቀጥናል።

«ትንሽ ፈጠን ይበሉ ጋሼ» አለች ባለቤቴ ከጨለማው ውስጥ፣ «ሰውዬውን እንቅልፍ ሊወስደው ነው።»