«ደህና ትመስያለሽ» እየተባለ ሥራ ሲታጣ

የአክስቴ ልጅ ሸዋ ሮቢት ሂሳብ ታስተምራለች። መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ባጭሩ ኤም ኤስ የሚባለው በሽታ አለባት። የሰውነት መከላከያ ራሱ ዞሮ የአንጎልንና የህብለ ሰረሰርን የነርቭ ሽፋን ያጠቃል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሴቶች ላይ ይበዛል። ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል፤ ሰውነት ሲግል ዓይን ይደበዝዛል፣ እግር ይከዳል።

የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር ጠየቀች። «ደህና ትመስያለሽ እኮ! ወረፋሽን ጠብቂ» አሏት። ደግማ ስትሄድ «ካልቻልሽ ለምን ቤትሽ አታርፊም?» ተባለች። ወይ ጤነኛ ሁኚ፣ ወይ ሥራ ልቀቂ! በጣም ነው ያንገበገበኝ።

እዚህ አሜሪካ አብራኝ የምትሠራ ሴት ይኸው በሽታ አለባት። ሩቅ እንዳትሄድ ጠረጴዛዋን መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ አደረጉላት። ማራገቢያ ሰጧት። ድካሙ ሲበረታባት ከቤቷ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለውን ቀጣሪ እንዲህ እንዲያመቻች ያስገድዳል። ማንም «ደህና ትመስያለሽ» ብሎ አይመልሳትም።

እዚህም ቢሆን ሁሉ አልጋ በአልጋ አይደለም። መድኃኒቱ በዓመት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ሥራዋን ካጣች ኢንሹራንሷም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ብትወድቅ የሚሰማት ጎረቤት የላትም። የአክስቴን ልጅ ግን ተማሪዎቿ ደብተሩን ተሸክመው ቤቷ ያደርሷታል፤ ጎረቤቶቿ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ይዘዋት ሄደዋል። ይህን አሜሪካ አላየሁም።

ሕግ እኛም አለን። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ይጠይቃል። እሷስ ምን ጠየቀች? ዝውውሩ እስኪመጣ ፎቅ የማልወጣበት ክፍል ስጡኝ፣ ክፍለ ጊዜዬን ጠዋት አድርጉልኝ፣ ተቀምጬ ላስተምር። ይኼ ስንት ብር ያስወጣል? እንደሷ ሂሳብ የሚያስተምር ሰው ፈልጎ ማግኘትስ ቀላል ነው?

ደህና የምትመስላቸው ክፍል ውስጥ ስለሚያዩዋት ነው። ቤቷ ገብታ እስከ ማታ ከአልጋ እንደማትነሳ ማን አየ? ድካሙ ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ አይደለም።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ትምህርት ቤት የምትመሩ፣ ዝውውር የምትወስኑ ሰዎች፣ እባካችሁ መልኳን ተዉትና የሐኪሙን ወረቀት አንብቡ። የክረምቱ ድልድል ሳይወጣ አንብቡት።