የሰርጉ ፎቶ መቼ ይገለበጣል?

ስቲቭን ሳሰን የተባለው የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ በ1975 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሲሠራ፣ አንዲት ፎቶ በካሴት ክር ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅባት ነበር። በዚህ ቀርፋፋነት ተሳቅቆ ከሆነ የእኛን ቤተ ዘመድ ቢያውቅ ይጽናና ነበር። በጥር የተደገሰ ሰርግ ፎቶ ከካሜራ ወደ ኮምፒዩተር የሚገባው፣ ሁሉም ነገር ቢሳካ እንኳ፣ ዐቢይ ጾም ተይዞ ፋሲካ ከተፈሰከ በኋላ ነው።

የመዘግየቱ ምክንያት ቴክኖሎጂው አይደለም። ካሜራው የእትዬ ነው፤ ላፕቶፑ የጋሼ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ ደግሞ ካሜራውን ከአሜሪካ የላከችው ልጃቸው ዘንድ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። ሚሞሪውን አውጥቶ ካርድ ሪደር ላይ መሰካት እንደሚቻል ፎቶ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል፤ ዕቃውም ውድ አይደለም። ነገር ግን ካሜራ ያላቸው «ኮምፒዩተር ያለው ይግዛ» ሲሉ፣ ኮምፒዩተር ያላቸው ደግሞ «ፎቶ የፈለገ ይግዛ» ስለሚሉ፣ ጉዳዩ ሽማግሌ እስኪገባበት ድረስ ይቆያል።

በመጨረሻ የሚጠራው «ኮምፒዩተር የሚያውቀው» ልጅ ነው። ልጁ የተማረው ሒሳብ አያያዝ ሊሆን ይችላል፤ እርሻም ሊሆን ይችላል፤ ብቻ አንድ ቀን የተነከሰ ወረቀት ከፕሪንተር ውስጥ ሲያወጣ ስለታየ ከዚያ ወዲህ ከሹመቱ መውረድ አልቻለም። በስልክ ሲጠራ ስለ ፎቶ አይነገረውም፤ «ምነው እንዲህ ጨከንክብን?» ተብሎ ይወቀስና ቡና ሊፈላ መሆኑን ይሰማል። አቦሉና ቶናው ስለ ጤናና ስለ ሥራ በመጠየቅ ያልፋሉ። በረካው ሲቀዳ እትዬ ካሜራውን ከነማህደሩ ከቁም ሳጥን አውጥተው «እስቲ የእኔ ጌታ፣ ይቺን ነገር እንዲያው አንዴ እያት» ይላሉ። እንግዲህ የዚያ ቀን ሌላ ቀጠሮ ሁሉ ተሰርዟል።

ሚሞሪው ተሰክቶ ዲሲአይኤም የሚለው ፎልደር ሲከፈት የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፦ «የሰርጉ የትኛው ነው? ይሄማ ሁሉም ቁጥር ነው!» ልጁ ምን ያድርግ? የጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ልማት ማኅበር በ1998 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጣው ደንብ ፎልደሮቹ ከ100 እስከ 999፣ ፎቶዎቹም ከ0001 እስከ 9999 እንዲቆጠሩ አዝዟል፤ ካሜራ ሠሪዎቹም ይህንኑ ተከትለዋል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች የሐበሻ ሰርግ ጠርቷቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። ቀለበት የሚያጠልቀው ሙሽራ ዲኤስሲ 0412 ሆኗል፤ በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን የሚጠርጉት የሙሽሪት እናትም ያለ ወይዘሮነታቸው 0413 ተብለው ገብተዋል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የቀኑ ጉዳይ ነው። ካሜራው ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ቀንና ሰዓት ይጠይቃል። ይህን የሞሉት ጋሼ ሲሆኑ፣ ጋሼ ደግሞ የገዛ ዘመን አቆጣጠራቸውን ለማንም ዕቃ ብለው የሚለውጡ ሰው አይደሉም። ዕለቱ እሑድ ጥር 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ስለነበር ቀኑን 13፣ ወሩን 5፣ ዓመቱን 2010፣ ሰዓቱንም ከጠዋቱ 3 ብለው መዘገቡ። ካሜራ ባለቤቱን አይጠራጠርም፤ ሜይ 13 ቀን 2010 እንደሆነ አምኖ ሥራውን ቀጠለ። ያ ዕለት በእኛ ሲመለስ ግንቦት 5 ቀን 2002 ነው፤ ሙሽሪት ገና ዩኒፎርም ለብሳ ትምህርት ቤት የምትመላለስበት ዘመን። ሙሽራው በጠራራ ፀሐይ በመኪና አጀብ የወጣበት 3 ሰዓት ለኮምፒዩተሩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በመሆኑ፣ ሰውየው ሙሽራውን ትቶ ጠላፊ መስሏል። በ7 ሰዓት የቀረበው ምሳም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ስለተመዘገበ፣ ያ ሁሉ ታዳሚ ጎህ እንደቀደደ ዶሮ ወጥና ጠጅ ላይ የተረባረበ ይመስላል። ኮምፒዩተሩ ሁሉንም በቀን ቅደም ተከተል ሲደረድርማ ነገሩ ወደ ነውር ተሻገረ። የሙሽሪት ወንድም በስልኩ ያነሣው የኅዳሩ የሽምግልና ፎቶ ትክክለኛ ቀን ስለያዘ፣ ሽማግሌ የተላከው ሰርጉ በተበላ በሰባት ዓመት ከመንፈቁ ሆኖ ተገኘ።

ጋሼ ይህ ሲነገራቸው ጥፋቱን በካሜራው ላይ ደፈደፉ፤ በእኔ በኩል ሙሉ በሙሉ አልፈርድባቸውም። ባትሪ አልቆ ቀኑ የጠፋበት ሰው በጥቅምት 29 ልሙላ ቢል፣ ሁለተኛው ወር ለካሜራው ፌብሩዋሪ ስለሆነ ከአራት ዓመት በሦስቱ እንቢ ይባላል። ጳጉሜንማ ከነጭራሹ የለችም፤ 13ኛ ወር የሚቀበል ካሜራ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከዚያ ችሎቱ ይሰየማል። ልጁ ገልብጦ ለመሄድ ቢያስብም፣ ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ሳይታዩ አይገለበጡም። «ይቺን አጥፋት፣ አፌን ከፍቼ ነው» የምትል አለች፤ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማን ጠርቶት ነው?» የሚል አለ፤ የአንዱ ትዳር ከሰርጉ ወዲህ ፈርሶ ከሆነም ሚስቱ የቆመችባቸው ሁሉ እንዲጠፉ ትእዛዝ ይወጣል። ብልህ ልጅ እዚህ ላይ የሚሞሪው ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ በጥፍሩ ገፋ አድርጎ መልሶ ይሰካዋል። ከዚያ ወዲያ ማጥፋት ሲታዘዝ በታዛዥነት ይጫናል፤ ኮምፒዩተሩም እንደማይቻል ያስታውቃል። «እትዬ፣ ማሽኑ እንቢ አለኝ» ሲል የሚቀየመው የለም። በማሽን እንጂ በእሱ አልተፈረደም።

ፎቶው ላፕቶፑ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ፍላሾች ከየቦርሳው ብቅ ይላሉ። የአክስቲቱ ፍላሽ ከመሥሪያ ቤት፣ የሚዜው ከኢንተርኔት ቤት የመጡ ናቸው። አንዱ የያዘው ቫይረስ ፎልደሩን ደብቆ በቦታው ቀስት ያለባት አቋራጭ ስለሚተክል፣ ቤቱ «ጠፋ!» በሚል ጩኸት ይናጣል። ልጁ የተደበቁትን ፋይሎች እንዲታዩ አድርጎ ሙሽሮቹን ሲመልስ ይመረቃል። ከአፍታ በፊት ቫይረሱን ያመጣው እሱ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ እንደነበር የሚያነሣው የለም። በዚህ መሐል መብራት ይሄዳል። የጋሼ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ስለቆየ ጥቁር ይሆናል። ልጁ «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» ብሎ ስለነበር ዋናው ፎቶ ከሚሞሪው ላይ አልተነካም፤ ሌላው ነገር ሁሉ ግን መብራት ሲመጣ ሀ ተብሎ ይጀመራል።

ሁሉም ከተገለበጠ በኋላ ልጁ መቆለፊያዋን ፈትቶ «እንግዲህ ሚሞሪው ፎርማት ይደረግ፤ ለሚቀጥለው ባዶ ይሁንላችሁ» ሲል፣ እትዬ ካሜራውን ከእጁ ነጥቀው ወደ ማህደሩ ይመልሱታል። «ኮምፒዩተሩ ቢሰረቅስ? እዚያው ይቀመጥ!» ካሜራው ሌላ ሰርግ እስኪመጣ ከቁም ሳጥኑ አይወጣም። በዚያኛው ሰርግ ልክ ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ ሚሞሪ መሙላቱን ካሜራው ያሳውቃል። ጉልበት መሳሙ ለጊዜው እንዲቆም ይደረግና፣ ካሜራ የያዘው ዘመድ መነጽሩን አውጥቶ ከድንኳኑ ጥግ እየተቀመጠ ከቀደመው ሰርግ የሚጠፋውን ይመርጣል። ካሜራው የሴት ወገን በመሆኑም ከወንድ ወገን ይጀምራል።