ለልጆቻችን የቱ ይበጃል፦ የአኖካ ሃሎዊን ወይስ የአማተር ሙዚቃዊ ቴአትር?

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን፣ ረም ወንዝ ከሚሲሲፒ በሚገናኝበት ቦታ ያለችው ትንሿ አኖካ ራሷን «የዓለም የሃሎዊን ዋና ከተማ» ብላ ትጠራለች። ሃሎዊን ኦክቶበር 31 ምሽት ልጆች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው በየቤቱ እየዞሩ ከረሜላ የሚጠይቁበት በዓል ነው። በዚያችው ከተማ ዋና መንገድ ላይ ሊሪክ አርትስ የሚባል፣ የአካባቢው ሰው ሙዚቃዊ ድራማ የሚጫወትበት ቴአትር ቤት አለ። እዚያ አካባቢ በየቤታቸው ልጅ የሚያሳድጉ አንዲት ሐበሻ እናትና አንድ ሐበሻ አባት፣ ኦክቶበር ሲመጣ ልጅ ወዴት ይላክ በሚለው ላይ አይስማሙም።

እናት፦ ኦክቶበር በመጣ ቁጥር የምንሰማው አንድ ነው፤ «ሃሎዊን የሰይጣን በዓል ነው፣ ልጆቻችሁን አስቀሩ»። እኔ እልካለሁ።

የአኖካን ሃሎዊን ጥንቆላ አልጀመረውም። የከተማዋ ጎረምሶች በዚያ ሌሊት ከብት ከበረት ፈትተው በዋናው መንገድ ይለቁ ነበር። ጠዋት ላሞቹን አደባባይ ላይ ማግኘት የሰለቸው ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ1920 መክሮ ሰልፍ አዘጋጀ፤ ለልጆቹም ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒና ከረሜላ አደለ። በ1937 ደግሞ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከተማዋ በዚህ ስም እንድትታወቅ የሚጠይቀውን ጽሑፍ ይዞ እስከ ዋሽንግተን ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በ1942 እና በ1943 ቢቋረጥም ሰልፉ እስከ ዛሬ አለ። አጥፊ የተባሉትን ልጆች በመቅጣት ፈንታ መንገዱን ለቀቁላቸው። እኔ እዚህ ውስጥ ሰይጣን አይታየኝም፤ ልጆቹን የምትወድ ከተማ ነው የሚታየኝ።

ሌላው ነገር በሩ ነው። በሚኒሶታ ብርድ ሰው ከመኪናው ወደ ጋራዡ ይገባል፣ በሩም ይዘጋል፤ ጎረቤቱን ሳያውቅ ክረምቱ ያልፋል። በዚያች ምሽት ግን የማያውቁት ሰው በር ይከፈታል። በ1991 በዚያችው ዕለት ጀምሮ በቀጣዮቹ ቀናት በሚኒያፖሊስ ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ የተከመረው በረዶ ሲወርድ እንኳ ካፖርት ደርበው የወጡ ልጆች ነበሩ። እኛስ በቡሄ ሆያ ሆዬ እያልን በሰው ደጅ ስንዞር አይደል ያደግነው?

አባት፦ እህቴ፣ ቡሄን እርስዎ ስላነሱት ከዚያው ልጀምር። የቡሄ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም። ግጥሙን አጥንቶ፣ አውራጅና ተቀባይ ተለይቶ፣ መሬቱን በዱላ እየመታ ይጨፍራል፤ ሙልሙሉን ሲቀበልም መርቆ ነው የሚሄደው። የሃሎዊን ልጅ «ትሪክ ኦር ትሪት» (ስጡኝ፣ አለዚያ እተናኮላችኋለሁ) ብሎ ከረጢቱን ይዘረጋል፤ ሞላለት፣ ቀጣዩ በር። ሁለቱን ማመሳሰል ቡሄን መበደል ነው።

ከዚያም ለሃሎዊን ማስጌጫ ብለው በየግቢያቸው የሚተክሉት የውሸት የመቃብር ድንጋይ አለ። ዐፅም ከዛፍ ላይ ሰቅለው ይሥቃሉ። እኛ ለሞተብን ሰው ድንኳን ጥለን ለቅሶ የምንቀመጥ፣ አርባውን የምናወጣ ሰዎች ነን። አገር ቤት ወንድሙን ቀብሮ፣ ወይም መቅበር እንኳ ሳይችል በስልክ መርዶ ሰምቶ ሐዘን የተቀመጠ አባት ልጁን በዚያ መሃል ይዞ ሲያልፍ ምን ይሰማው ይሆን? ይህን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አልችልም።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ልጁን ወደ መድረክ ውሰዱት። ልጆች የሚጫወቱት ሙዚቃዊ ድራማ ሳምንታት ይለፋበታል። መጀመሪያ ኦዲሽን፣ ማለትም ተጫዋች የሚመረጥበት ፈተና አለ፤ ከአንድ ዘፈን አጭር ቁራጭ ይዘፍናል። ከዚያ ዜማው ለብቻ፣ እንቅስቃሴው ለብቻ፣ ንግግሩ ለብቻ ይጠናል፤ መጨረሻ ላይ ከመብራቱና ከድምፁ ጋር ይገጣጠማል። ለትንንሾቹ አንድ ሰዓት ገደማ እንዲፈጁ ያሳጠሯቸው ቅጂዎችም አሉ። ክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት የሚፈራ ልጅ በኮረሱ፣ በኅብረት በሚዘፍኑት መሃል ቆሞ አፉን ሲከፍት፣ የጎኑ ልጅ ሲሳሳት ደግፎ ሲያወጣው ማየት ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም ለኛ እንግዳ አይደለም። በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ እየመታ የዘመረ ልጅ በሰው ፊት መቆም ያውቅበታል። በእኛ ጊዜ ስንት ስመ ጥር ዘፋኝና ተዋናይ ከቀበሌ ኪነት ነው የወጣው! ደመወዝ አልነበረም፤ ፍቅር ብቻ ነበር።

እናት፦ መቃብሩን በተመለከተ የሚሉት ያመኛል፤ በዚያ ግቢ በኩል እኔም አላልፍም። ግን የአኖካ የሕፃናት ሰልፍ ላይ የሚበዛው እሳት አጥፊ፣ ንግሥት፣ ንብ ሆኖ የለበሰ ልጅ ነው። ልብሱን የሚመርጠው ወላጅ እስከሆነ ድረስ ዐፅሙን መተው ይቻላል።

መድረኩ ግን በሩን በማን ላይ እንደሚዘጋ ይዩልኝ። ኦዲሽን ማለት አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይመለሳል ማለት ነው። ልምምዱ በሳምንት ብዙ ምሽት ነው። እናቲቱ በነርሲንግ ሆም የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፣ አባትየው ትራክ ይነዳል፤ ልጁን ማን ያመላልሰው? የትምህርቱ ክፍያ አለ፣ የቲኬቱ አለ። በዚያ ላይ ድራማውን ለማሳየት ፈቃድ ከባለመብቱ ይገዛል፤ ከጽሑፉ አንድ ቃል ያለ ፈቃድ መቀየር ክልክል ነው። ልጃችን የራሱን አማርኛ ጣል አያደርግበትም። ሃሎዊን ላይ ግን አሮጌ አንሶላ ለብሶ የወጣውን ማንም አይመልሰውም።

አባት፦ ማመላለሱን ተባብረን እንችላለን፤ ለዕቁብና ለዕድር የተሰበሰበ ሰው ለልጅ ልምምድ ተራ ማውጣት አያቅተውም። በኦዲሽን ያልተመረጠም መጋረጃ የሚስብ፣ ዕቃ የሚያቀርብ፣ መብራት የሚይዝ ሆኖ ይገባል፤ ያለ እነሱ መድረኩ አይንቀሳቀስም። ቃል አለመቀየሩንም እንደ ጉድለት አላየውም። የሌላውን ድርሰት አክብሮ መጫወት የተማረ ልጅ ነገ የራሱን በአማርኛ ሲጽፍ እንዲከበርለት ያውቃል።

እናት፦ «ነገ» የሚሉት ለስምንት ዓመት ልጅ ሩቅ ነው። በበዓሉ ቀን ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሁሉ ለብሰው ሲመጡ እሱ ብቻውን የሚቀመጠው ዛሬ ነው። ቢያንስ አንድ ነገር ልለምንዎት፦ ልጅዎን ባይልኩ እንኳ የበረንዳዎን መብራት አያጥፉ። መብራት የጠፋበት ቤት አይንኳኳም፤ የሐበሻ ቤት ሁሉ በዚያች ምሽት ጨለማ ሲሆን ጎረቤት ምን ይለናል?

አባት፦ መብራቱን አበራለሁ። ከረሜላም ገዝቼ በሬ ላይ እቆማለሁ፤ የጎረቤት ልጅ ደጄን አንኳኩቶ ባዶውን አይመለስም። የእኔን ልጅ ግን አልክም። በዚያ ምሽት ልምምድ አለው።