ማሽኑን አይተነዋል

የስልጠናውን የመጀመሪያ ቀን ሙሉ የዋልኩት መስታወት ስሰብር ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያስተላልፈውን የፋይበር ገመድ እርስ በርስ መቀጠል የሚያስተምረን አሰልጣኝ ለእያንዳንዳችን ጥቁር ምንጣፍ፣ መነጽር፣ የኬብል መላጫ፣ መቁረጫና ለልምምድ የሚበላሽ ኬብል አደለን። ፋይበር ማለት እንደ ክር የቀጠነ መስታወት ነው። ምንጣፉ ጥቁር የሆነው ስብርባሪው እንዲታይ ነው። ጣት ውስጥ ከገባ ማውጣቱ አበሳ ነው። ቡና እንኳ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው።

ፋይበሩ ልባሱ ሲላጥ ውፍረቱ 125 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው፤ የፀጉር ዘለላ ያክላል። ብርሃኑ የሚያልፍበት መሃሉ ደግሞ 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ። በአልኮል ትጠርገዋለህ፣ ትቆርጠዋለህ፣ የሚቀጠሉትን ሁለት ጫፎች መቀጠያ ማሽኑ ላይ ታስቀምጣለህ። ስክሪኑ ላይ ቀስ ብለው ይጠጋጋሉ፣ ብልጭ ይላል፣ አንድ ይሆናሉ። ከዚያ ማሽኑ ምን ያህል ብርሃን እንደሚባክን ግምቱን ይነግርሃል። የብክነቱ መለኪያ ዴሲቤል ነው፤ 0.02 ካለህ እሰየው ነው። የኔ አቆራረጥ ጠማማ ስለነበር ገና ሳይጀምር አልቀበልም አለኝ። አሰልጣኙ አልተቆጣም። «ሌላ ቁረጥ» አለኝ። ሌላ። አሁንም ሌላ። ወደ ማምሻው ላይ እጄ ለመደው።

አሜሪካኖቹ ይህን ሁሉ ኬብል የሚያስበላሹን ቸግሯቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ፣ ፈጣን ኢንተርኔት ላልደረሰበት አካባቢ 42.45 ቢሊዮን ዶላር መደቡ። ገንዘቡ ሲገኝ የሚሠራው እጅ አነሰ። የፋይበር ብሮድባንድ ማኅበራቸው 144 ሰዓት የሚፈጅ ኮርስ አዘጋጀ፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችም ተቀብለው ያስተምሩበት ጀመር።

በዚያ ሰሞን የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። አገር ቤት አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ ይህንኑ ሙያ ይማራል። ፋይበሮቹ በቀለም ነው የሚለዩት፤ የአሥራ ሁለቱን የቀለም ቅደም ተከተል ጠየቅኩት። ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ... ሳይተነፍስ ወረደው። እኔ ገና ወረቀት አያለሁ።

«መቀጠያ ማሽንስ አላችሁ?»

«አዎ ጋሼ፣ ማሽኑን አይተነዋል።»

«ነካችሁት?»

ዝም አለ። «መምህሩ ሠርቶ አሳየን። ዙሪያውን ቆመን አየን። ከዚያ ተቆለፈበት።»

መምህሩን አልወቅሰውም። ማሽኑ ቢሰበር ተጠያቂው እሱ ነው፤ መለዋወጫው ደግሞ በዶላር ነው። ግን አንጀቴን በላኝ። የሙያ ስልጠናችን 70 በመቶው ተግባር ይሁን እየተባለ፣ ልጁ አንድም መስታወት ሳይሰብር ሊመረቅ ነው። መስታወት ያልሰበረ ልጅ የሚሰብረው ሥራ ላይ ወጥቶ ነው። የዚያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ኔትወርክ የለውም።

አንችልም እንዳልል ኮብልስቶኑን አይቻለሁ። ያ ሁሉ ወጣት ድንጋይ መጥረብን የተማረው ከጥቁር ሰሌዳ አይደለም፤ መዶሻ ይዞ፣ ድንጋይ እያበላሸ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠናም ደስ ብሎኛል። ኮደሩ የጻፈው ነገር የሚጓዘው ግን በዚሁ ገመድ ነው። አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ ገመዷን ከምሰሶ አውርዳ መሬት ውስጥ እየቀበረች ነው። ይህን የሚቀጥል እጅ በብዛት ያስፈልጋል።

ለኮሌጆቹ ውድ ማሽን እስኪሟላ መጠበቅም የለብንም። ከሥራው ግማሹ መላጥ፣ መጥረግና መቁረጥ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የእጅ መሣሪያና ቁርጥራጭ ኬብል ነው። እዚህ አሜሪካ እኛ ጋ ቁርጥራጩ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። አለቃዬን አስፈቅጄ የተወሰነ ሜትር ጠቀለልኩ። መላጫ፣ መቁረጫና መነጽር ጨምሬ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ላክሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። እናቱ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጥቁር ጨርቅ ዘርግቶ፣ መነጽሩን አድርጎ ይልጣል። ከጓደኞቹ ሁለቱ ተራ ይጠብቃሉ።

«እስካሁን ስንት ሰበርክ?» ብዬ ጻፍኩለት።

«37፣ ጋሼ።»