ማስተካከያ፦ የሞተርሳይክል ሞተር ማሰሪያ «እስኪቀላ» አይሞቅም

የተሰበረ የሞተርሳይክል ሞተር ማሰሪያ ጆሮን (ሞተሩ በብሎን የሚታሰርበትን፣ ከሞተሩ አካል የወጣ ባለ ቀዳዳ ክፍል) ስለ መበየድ ስጽፍ፣ «ከብየዳው በፊት በእሳት እስኪቀላ አሙቁት» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ይህ ለብረት እንጂ ለአሉሚኒየም አይሠራም። የአብዛኛው ሞተርሳይክል ሞተር አካል ደግሞ አሉሚኒየም ነው።

አሉሚኒየም ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ንጹሁ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ሲሊከን የተቀላቀለበት ደግሞ ቀደም ብሎ፣ 577 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል። መልኩ ግን ያው ነው። ቅላቱን ስትጠብቁ ጆሮው ድንገት ዝርግፍ ይላል።

ለእንዲህ ያለ አካል ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ይበቃል። ይህን ያመሳከርኩት ከብረታ ብረት የመቅለጫ ሰንጠረዦችና ከብየዳ ሽቦ አምራቾች መመሪያ ነው። በዚህ ሙቀት አንድ ነገር ታያላችሁ፦ ጥርግ አድርጋችሁ ያጸዳችሁት ስንጥቅ ጥቁር ዘይት እንደ ላብ ያወጣል። ቆም በሉና ጥረጉት፤ እንደገና አሙቁት። ዘይቱ ውስጥ ከቀረ ብየዳው እንደ ስፖንጅ ይቦረቦራል።

በእኔ ምክር አሙቃችሁት ከሆነ፣ ጆሮው ባይቀልጥም ጥንካሬው ቀንሶ ሊሆን ይችላል። የጆሮውን ቀዳዳ ክብነት እዩ፤ ብሎኑ ሳይገደድ መግባት አለበት። አጠገቡ ያሉት ኩሽኔታና የጎማ ማሸጊያም ይፈተሹ። አንዳች ነገር ካጠራጠራችሁ፣ አርጎን በያጅ (በአርጎን ጋዝ አሉሚኒየም የሚበይድ ባለሙያ) ጆሮውን ሳያየው ሞተርሳይክሉን አትንዱት። ንብረታችሁ ለተበላሸባችሁ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።